ሩቅ ላለ ቤተሰብ የቱ ይሻላል? ኢሞ፣ ዋትስአፕ፣ ቦቲም፣ ቴሌግራም ወይስ ቀጥታ ስልክ

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቤተሰባችሁ በየአገሩ የተበተነ ከሆነ ከሁሉም በላይ የሚያዋጣችሁ ቮይስ ነው። ማይክሮፎኗን ጫን አድርጎ፣ የልብን ተናግሮ፣ መላክ። በየትኛውም አፕ ላይ ተጠቀሙበት፣ አምስት ኮከብ የምሰጠው ለእሷ ነው። የቪዲዮ ጥሪን ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የእኛ ቤት ሁኔታ እንዲህ ነው። እናታችን ሐይቅ ናት፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ። ታናሽ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ታላቅ ወንድማችን ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። አፕ የምጭነው እኔ፣ ፓስወርድ የምይዘው እኔ፣ "ስልኩ እምቢ አለኝ" ሲባል የሚደወለውም ለእኔ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስቡት። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ነው የምትቀድመው። ሜሪላንድ ግን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ወንድሜ ሥራ ጨርሶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ቤቱ ሲገባ እዚህ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ የእነሱ ክረምት ከሆነ ደግሞ 8። እናቴ ያን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ናት። እህቴ ስልኳን በነፃነት የምትይዘው ማዳም ከተኛች በኋላ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ላይ ማገናኘት የሚቻለው እህቴ እረፍት ባላት ቀን ብቻ ነው፤ ለዚያውም መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ ፓኬጁም፣ ቻርጁም ከተሟላ። አንዱ ከጎደለ ቀኑ አለፈ፣ እስከሚቀጥለው እረፍት።

እሺ ተሟላ እንበል። ቪዲዮው ተከፈተ። የእናቴ ፊት ለጥቂት ሰከንድ ይታያል፣ ከዚያ ባለበት ይቆማል፣ ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። "ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?" "እኔ እሰማሻለሁ፣ አንቺ ትሰሚኛለሽ?" ሁለቱም እኩል ይናገራሉ፣ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ፣ "ቀጥዪ" "አይ አንቺ ቀጥዪ" ይባባላሉ። ይህ የሰው ጥፋት አይደለም፣ የመዘግየት ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ ድምፅ ከአንዱ አፍ ወጥቶ ሌላው ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ 400 ካለፈ ደግሞ ጭራሽ ለንግግር አይመችም። ከሐይቅ የወጣው ድምፅ በደካማ ኔትወርክ ተጎትቶ፣ በጂቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ከባሕር በታች ባለው ኬብል ተሻግሮ፣ የአፑን ሰርቨር አልፎ እዚያ እስኪደርስ፣ ያች ትንሽ ክፍተት ወሬውን ሁሉ ታበላሸዋለች። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እናቴ ኔትወርኩ ሲያስቸግር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጮህ መጀመሯ ነው። ጮኻ ጮኻ ደክሟት "በቃ ደህና ሁኑ" ብላ ትዘጋለች። ልትነግራቸው ያሰበችው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ቀረ።

ቮይስ ይህ ችግር የለበትም። ፋይል ነው። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ይቀጥላል፣ ሲደርስ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። ዋትስአፕ ቮይስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የድምፅ ጥሪ የመጣው በ2015፣ ቪዲዮው በ2016። ቅደም ተከተሉ ራሱ የቱ እንደሚቀል ይናገራል። ፓኬጅም አይበላም፤ የአንድ ደቂቃ ቮይስ ግማሽ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በቪዲዮ ግን አንዷ ደቂቃ ስንት ሜጋባይት ይዛ እንደምትሄድ ካርድ የሚሞላ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደየአፖቹ ልግባ።

ዋትስአፕ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ሰው አንደኛ ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ከ2016 ጀምሮ መልዕክቱም ጥሪውም ከዳር እስከ ዳር የተመሰጠረ ነው፤ ማለትም ኩባንያው ራሱ መሐል ላይ ሊያዳምጠው አይችልም። ሴቲንግ ውስጥ ለጥሪ የሚወጣውን ዳታ የሚቀንስ ምርጫ አለ፣ የእናቶቻችሁ ስልክ ላይ አብሩት። ኤምሬትስ ላለ ሰው ግን ዋትስአፕ ግማሽ አፕ ነው። የአገሪቱ ሕግ ፈቃድ ካላገኙ አፖች የሚደረግ የኢንተርኔት ጥሪን ስለሚያግድ ብትደውሉም አይገናኝም። ጽሑፍና ቮይስ ግን ያለ ችግር ያልፋል። እህቴ እዚያ በሄደች ሰሞን ይህን ስላላወቅን "ለምን አታነሳም" ብለን ቤቱ ሁሉ ተጨንቆ ነበር። ልጁ ወይም እህቱ ዱባይ፣ ሻርጃ፣ አቡዳቢ የሄደችበት ሁሉ ይህን ከመሄዷ በፊት ይወቅ። ጥሪ ስላልገባ ልጅቷ ችግር ላይ ናት ማለት አይደለም።

ለጥሪ እዚያ ያለው መንገድ ቦቲም ነው፤ ከተፈቀዱት አንዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 አካባቢ የኢንተርኔት ጥሪ ፓኬጅ ሲጀመር በሞባይል በወር 50 ድርሃም ነበር። አሁን ስንት እንደሆነ ሲም ካርዱን የሰጠው ድርጅት ይጠየቅ። ቦቲም እዚህም እዚያም መጫን አለበት፣ ስለዚህ እናት ስልክ ላይ አንድ አፕ ተጨመረ ማለት ነው። አንዳንዱ "ቪፒኤን ጫኚና በዋትስአፕ ደውዪ" ብሎ ይመክራል፤ ቪፒኤን ያላችሁበትን አገር ደብቆ እገዳን የሚያሳልፍ አፕ ነው። እባካችሁ ይህን ምክር ለሰው ቤት ሠራተኛ አትስጡ። የኤምሬትስ ሕግ ቪፒኤንን ጥፋት ለመሥራት ወይም ጥፋት ለመደበቅ የተጠቀመ ሰው ላይ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም መቀጮ ያስቀምጣል። ለአንድ ጥሪ ተብሎ የሚገባበት አደጋ አይደለም።

ኢሞ። ከተማ ውስጥ ያለ ወጣት ኢሞን ይንቀዋል፣ እኔ ግን አከብረዋለሁ። በ2ጂ ኔትወርክ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለገጠርና ለትንሽ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በርካሽ ቴክኖና አይቴል ስልክ ላይ ይጫናል። ሳዑዲ ያሉ እህቶቻችን ቤተሰብ ጋር ሲገናኙ ኢሞን የሙጥኝ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 የኢንተርኔት ጥሪ እገዳዋን አላልታለች፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። የኢሞ ችግሩ ማስታወቂያው ነው። ነፃ ስለሆነ በማስታወቂያ ይኖራል፣ ማንበብ የሚቸግራት እናት ደግሞ የቱ አዝራር የቱ ማስታወቂያ እንደሆነ መለየት ያቅታታል። ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አፑን ጭናችሁ ስልኩን ሰጥታችሁ ብቻ አትሂዱ። አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቮይስ እስክትልክ ጠብቁ።

ቴሌግራም እዚህ አገር ከሁሉም በላይ የተለመደ ይመስለኛል፤ ዜናውም፣ ገበያውም፣ የተማሪ ኖቱም እዚያ ነው። ጥሪው ጥሩ ነው፣ ጥሪውም የተመሰጠረ ነው። ተራው ቻት ግን እንደ ዋትስአፕ ከዳር እስከ ዳር አይመሰጠርም፣ ለዚያ "ሲክሬት ቻት" መክፈት ያስፈልጋል። ታዲያ ቴሌግራም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ከሲክሬት ቻቱ በቀር ያወራችሁት ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ስልክ ብትቀይሩ፣ ስልክ ቢሰረቅ፣ ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ በዚያው ቁጥር ስትገቡ ሁሉም ይመለሳል። ዋትስአፕ ላይ ግን ባክአፕ ካላደረጋችሁ የለም። በአንድሮይድ ባክአፑ ጉግል ድራይቭ ላይ ይቀመጣል፣ ነፃዋ 15 ጊጋባይት ከሞላች ደግሞ ይቆማል። ይህን የማነሳው ኋላ ለምነግራችሁ ነገር ብዬ ነው።

ቫይበርና ስካይፕ? ቫይበር በአንድ ወቅት "ቫይበር አለሽ?" ከመባል በቀር ሌላ ጥያቄ ያልነበረበት ዘመን ነበረው፣ አሁን እኛ ቤት የቀረ ሰው የለም። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተዘግቷል። እለፉት።

አሁን ወደ ቮይሱ ልመለስ፣ ምክንያቱም እውነተኛው ነገር እዚያ ነው።

እናቴ ቮይስ ስትልክ እንደ ደብዳቤ ነው የምትናገረው። ትጀምራለች፦ "እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን፣ አብሽሪ።" ከዚያ ሰፈሩን በሙሉ ትዘረዝራለች። ማን ታመመ፣ ማን አገገመ፣ የማን ልጅ ተመረቀች፣ ዝናቡ እንዴት ነው። መሐል ላይ ጎረቤት ትገባለች፣ እናቴ ማይክሮፎኑን ሳትለቅ "ግቢ ግቢ፣ ልጄን እያናገርኩ ነው" ትላለች፣ ጎረቤቷም ከወዲያ "ሰላም በዪልኝ" ትላለች፣ የበርጩማ መሬት ላይ መጎተት ይሰማል፣ ቡናው ይወቀጣል። እህቴን ጠይቄያት አውቃለሁ። ከቮይሱ ሁሉ ደጋግማ የምትሰማው ይችን ቦታ ነው አለችኝ። ሌሊት ክፍሏ ገብታ፣ ኢርፎን አድርጋ፣ ሙቀጫውን ትሰማለች። በቪዲዮ ጥሪ ቢሆን ይህ ሁሉ "አይሰማም፣ ድምፅ ቀንሱ" ተብሎ ይጠፋ ነበር፤ ብዙ አፕ የጀርባውን ድምፅ ራሱ ይቀንሰዋል።

ወንድሜ ደግሞ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ትራፊክ ሲይዘው ነው የሚሰማው። መልሱንም እዚያው መኪና ውስጥ ይልካል። እናቴ ጠዋት ስትነሳ ደርሶ ይጠብቃታል። የሰዓቱ ልዩነት የሚያስጨንቀን ነገር መሆኑ የቀረው በዚህ ነው።

የጽሑፉን ነገርም አስቡት። ወጣቱ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፣ እናት ያን እንዴት ታንብብ? አማርኛ ኪቦርድ ቢጫንም ከመነጽር ጋር ትግል ነው። ማይክሮፎኗ ግን ፊደል አትጠይቅም። ለዚህ ነው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከኛ ቶሎ የለመዷት። ነገሩ ለእነሱ አዲስም አይደለም፤ በካሴት ዘመን ውጭ አገር ያለ ሰው ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር፣ ቤተሰቡም ቴፕ ከቦ ይሰማ፣ መልሱን በሌላው ገጽ ቀድቶ ይመልስ ነበር። እናቴ ቮይስን ሳስተምራት "ካሴት ነዋ!" አለችኝና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ዋትስአፕ ከ2021 ጀምሮ ቮይስን በ1.5 እና በ2 እጥፍ ፍጥነት ማጫወት አስችሏል። ለሥራ ቮይስ ጥሩ ነው። የእናትን ቮይስ ግን በፍጥነት አታጫውቱ። ሰውዬዋ ቀስ ብላ የተናገረችው ቀስ ብላችሁ እንድትሰሙት ነው። ትንፋሿ እንዴት እንደሆነ፣ ጉንፋን ይኑርባት አይኑርባት፣ የደበቀችው ነገር መኖሩን የምታውቁት በዚያ ዝግታ ውስጥ ነው።

እና ቮይሶቹን አስቀምጡ። ከልቤ ነው የምለው። የእናትና የአባታችሁን ድምፅ ቴሌግራም ላይ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ውስጥ ፎርዋርድ አድርጉ፣ የዋትስአፑን ደግሞ ፋይሉን አውጥታችሁ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ቴሌግራም አካውንት ለረጅም ጊዜ ካልተገባበት ራሱን እንደሚያጠፋ አትርሱ፣ ጊዜውን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አርዝሙት። ሌላም አለ፦ ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል። አዲሱ ባለቤት በዚያ ቁጥር ለመግባት ሲሞክር የማረጋገጫ ኮዱ ለእሱ ይደርሳል። ዓረብ አገር ያሉ እህቶች አሠሪ ሲቀይሩ ሲም ስለሚቀይሩ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ከኮዱ በተጨማሪ ፓስወርድ የሚጠይቀውን "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚለውን አብሩና ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ስለ ኮድ ካነሳሁ አይቀር፦ "በስህተት ኮድ ልኬብሽ ነው፣ ላኪልኝ" የሚል መልዕክት ከእህታችሁም ቢመጣ እህታችሁ አይደለችም። አካውንቷ ተይዟል። ቀጥሎ የሚመጣው "ቴሌብር ላይ ይህን ያህል ብር አስገቡልኝ" ነው። እኛ ቤት ብር የሚጠየቀው በቀጥታ ስልክ ብቻ ነው፣ ያውም አንድ የቤት ጥያቄ ተጠይቆ ከተመለሰ በኋላ። ድምፅን በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት በሚቻልበት በዚህ ጊዜ ቮይስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቮይስ የማይሆንበት አንድ ቦታ አለ። መርዶ ነው። እኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ ነው የሚነገረው። ውጭ አገር ላለውም እንዲሁ፤ እዚያ ያሉ ዘመድና ጓደኞች ተጠራርተው፣ ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ይሄዳሉ። ይህ ሥርዓት ዕድሜ ልክ የሠራ ነው። ዛሬ ግን ሰዎቹ ቤቱ ሳይደርሱ ፌስቡክ ላይ የሟች ፎቶ ከነ"ነፍስ ይማር" ተለጥፏል፣ ወይ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አንዱ ልጅ ሳያስበው ጽፎታል። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ወጥ እየሠራች ስልኳን ስታይ የአባቷን ሞት ብታነብ ማን ያነሳታል? አቅፏት የሚያለቅስ ማን አላት? እባካችሁ ሁሉም መነገሩ እስኪረጋገጥ ምንም አትለጥፉ። እኛ ይህን የቤተሰብ ሕግ አድርገነዋል። ክፉ ነገር ከመጣ በመጀመሪያ የሚደወለው እዚያው አገር ላለ ሰው ነው፣ በቀጥታ ስልክ፣ ከዚያ የሚሄደው እሱ ነው።

ቀጥታ ስልክን በዚህ ምክንያት ነው ያልተውኩት። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፣ እስከ ዛሬም ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚቀረው እሱ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ የውጭው ሰው ቤተሰቡን ያገኘው በቀጥታ ጥሪ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራምና ፌስቡክ ለወራት ተገድበው ነበር። ስለዚህ አንድ አፕ ብቻ ላይ አትንጠልጠሉ። ቀጥታ ስልኩም የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ትግራይ ያሉ ቤተሰቦች ከማንም በላይ ያውቁታል። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ፣ በአንዳንድ ከተሞች ለጥቂት ወራት ተመልሶ እንደገና ጠፍቶ፣ ብዙ ሰው እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። መስመሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥሪ ለብዙው ሰው መርዶ ነበር። የመገናኛ ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ እነሱን ይጠይቅ።

ለቀጥታ ጥሪ አራት ኮከብ፣ አንዱን የቀነስኩት ከውጭ ለሚደውል ሰው አሁንም ውድ ስለሆነ ነው። ለዋትስአፕ አራት፣ ለኢሞ አራት፣ ለቴሌግራም አራት፣ ለቦቲም ሦስት።

እኛ ቤት አሁን የምንሠራበት መንገድ ይህ ነው። አራታችን ያለንበት አንድ የዋትስአፕ ግሩፕ አለ፣ ቀልድና ዜና ፎርዋርድ አይደረግበትም፣ ቮይስ ብቻ። እናቴ ማይክሮፎኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ መቆለፍ ተምራለች፤ ጣቷ ሳይደክም ደቂቃዎች ታወራለች። ዳታ ሁልጊዜ ስለማይበራ ቮይስ ስትልክ ለእኔ ሚስኮል ታደርጋለች። እኔም ከፍቼ እሰማና ለሌሎቹ "እማዬ ልካለች" እላቸዋለሁ። እናንተ ጋ በኢሞ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግሩፑን ኢሞ ላይ ክፈቱት። የሚመረጠው ኔትወርኩ ከሁሉም ደካማ የሆነበት ሰው የሚችለው አፕ ነው። ሜሪላንድ ያለው ሰው አዲስ አፕ መጫን አይከብደውም፣ ሐይቅ ያለችውን ግን አታስቸግሯት።